«ሰብር አድርጊ» እያልን ጊዜዋን የሰረቅናት እህት

ቢስሚላሂ ርረሕማኒ ርረሒም



የዛሬው ጽሑፍ ስለ ሌላ ሰው ጥፋት አይደለም። ስለ እኛ ነው። «እኛ» ስንል መስጂድ ውስጥ የምናገለግል፣ ሰው ሲቸገር መጀመሪያ የሚጠይቀን፣ ጺማችንንና ጀለቢያችንን አይቶ የሚያምነን ሰዎች ማለታችን ነው። ረዘም ይላል፤ እስከ መጨረሻው አንብቡት። እናት ያለችው፣ ሚስት ያለችው፣ እህት ያለችው ሁሉ ይመለከተዋል።

በሻዕባን ወር ከሰፈራችን አንዲት እህት ባለቤቷን ልካ አስጠየቀችን። ሰፈራችን ከገርጂ ወደ ሰሚት በሚወስደው መንገድ ነው። ጡቷ ላይ ጠጠር የመሰለ ነገር ዳስሳለች፤ አያምም፣ አይቆስልም፣ ግን አልጠፋ ብሏል። እኛ ምን አልን? ውሃ ላይ ቀርተን ላክንላት። ጥቁር አዝሙድ በማር ትውሰድ አልን። «ዓይን ሊሆን ይችላል፤ አርባ ቀን ትሞክረው፣ ሰብር ታድርግ» ብለን ሸኘነው። ረመዳን ገባ፤ «ጾሙ ይውጣ» ተባለ። ሸዋል ላይ የቤተሰብ ሠርግ ነበር። ከዐረፋ በኋላ ብብቷ ሥር ሌላ እብጠት ወጣ። ሐኪም ቤት የሄደችው ያኔ ነው። ውጤቱ በሙሐረም ወጣ፤ የጡት ካንሰር።

ከሻዕባን እስከ ሙሐረም ቁጠሩት፤ አምስት ወር ነው። ያን አምስት ወር ካንሰሩ ብቻውን አልወሰደውም፤ እኛ አግዘነዋል።

እህታችን አልሐምዱሊላህ ዛሬ ሕክምና ላይ ናት። ስሟን ሳንጠራ ታሪኩን እንድንናገር ፈቅዳልናለች። አንድም ቀን አልወቀሰችንም። ውጤቱ የወጣ ዕለት ያለችን «ዱዓ አድርጉልኝ» ብቻ ነው። ያንገበገበን ይኸው ነው።

ከሩቅያ ጋር ጠብ የለንም

ገና ከአሁኑ «እነዚህ ሩቅያን ሊቃወሙ ነው» የሚል ይኖራል። አንቃወምም። ቁርኣን ሺፋእ ነው፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሩቅያ አድርገዋል፣ ተደርጎላቸዋልም። ጥቁር አዝሙድም ማርም በሰሒሕ ሐዲስ የመጡ ናቸው። ለሩቅያ ዋጋ መቀበል እንኳ በሐዲስ መሠረት አለው።

የምንቃወመው ሩቅያን የሐኪም ቤት ምትክ የሚያደርገውን ነው። «መጀመሪያ እኔ ጋ ጨርሺ፤ ካልተሻለሽ ሐኪም ቤት ትሄጃለሽ» የሚለውን ነው። ስልክ ቁጥሩን በቪዲዮ ለቆ «ካንሰር የሚሉት ጂን ነው፤ ኬሞውን አቁሚ» የሚለውን ነው። ከሱ ጋር ደግሞ ራሳችንን፤ ምንም ሳናውቅ «አርባ ቀን ትሞክር» ያልነውን።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሕክምና ሳያውቅ ያከመ ሰው ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን ነግረውናል። ሐዲሱን አቡ ዳውድ፣ ነሳኢና ኢብን ማጃህ ዘግበውታል። በመድረሳ ቀርተነዋል፣ ለልጆችም አቅርተነዋል። ግን ጡት ላይ ስላለ እብጠት ስንጠየቅና የቀን ገደብ ስንሰጥ ሕክምና እየሠራን መሆኑ አልታየንም ነበር። ሩቅያ ማድረግ የኛ ድርሻ ነው። «ሐኪም ቤት መሄዱ ይቆይ» ማለት ግን የሕክምና ውሳኔ ነው፤ እኛ ደግሞ ሐኪሞች አይደለንም።

ዳግመኛ የሚጠይቀን ሰው መልሳችን አንድ ነው፤ ሩቅያው ዛሬ ማታ፣ ሐኪም ቤቱ ነገ ጠዋት። ሁለቱ አይጣሉም። ያጣላናቸው እኛ ነን።

«ተወኩል የት ሄደ?» ለሚሉን

አንደኛ፦ የመድኃኒት ትእዛዝ የመጣው ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነው። በአቡ ዳውድና በቲርሚዚ በተዘገበው ሐዲስ ገጠሬ ዐረቦች መጥተው እንታከም ወይ ብለው ሲጠይቁ እንዲታከሙ ነግረዋቸዋል፤ ከእርጅና በቀር አላህ መድኃኒት ያላወረደለት በሽታ እንደሌለም አስተምረዋል። ኡበይ ኢብን ከዕብ (ረ.ዐ) በታመመ ጊዜ ደግሞ ሐኪም ልከውለታል፤ ሐኪሙም ሥሩን ቆርጦ ተኮሰው። ይህ በሙስሊም የተዘገበ ነው። ኡበይ ማን እንደሆነ አስታውሱ፤ ከሶሐቦች መካከል የቁርኣን አንባቢዎች ቁንጮ ነው። በቁርኣን መታከም ይበቃል ቢባል ኖሮ ከሱ የሚቀድም አልነበረም። ለሱ ግን ሐኪም ተላከለት።

ሁለተኛ፦ «ያለ ሒሳብ ጀነት የሚገቡት ሰባ ሺዎች አይታከሙም» እያሉ የሚከራከሩን አሉ። ሐዲሱን እንደገና ያንብቡት። እዚያ የተወሱት ሰዎች አንዱ መገለጫ ሩቅያ አድርጉልን ብለው አለመጠየቃቸው ነው። ስለዚህ ሩቅያ የሚያስከፍል ሰው ይህን ሐዲስ ሐኪም ቤት ለሚሄድ ሰው ማስረጃ ሊያደርገው አይችልም፤ ከሁሉ በፊት የሚመልሰው ራሱን ነውና።

ሦስተኛ፦ የሚጥል በሽታ የነበረባት ሴት ሰብር መርጣ ጀነት ቃል ተገብቶላታል ይላሉ። እውነት ነው። ግን ልብ በሉ፤ ምርጫው የቀረበው ለራሷ ነው። ባሏ አልመረጠላትም፣ አማቷ አልመረጠችላትም፣ የሰፈር ኡስታዝም አልመረጠላትም። ሕመሟም በየወሩ እየተዛመተ ነፍስ የሚያጠፋ ዓይነት መሆኑ አልተነገረም። እኛ ሴት ሳትጠየቅ ወስነንላት ከዚያ ይህን ሐዲስ ከምናመጣ አላህን እንፍራ።

አራተኛ፦ ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ ምክር ቤት በ1992 (እ.ኤ.አ.) ጅዳ ላይ ባደረገው 7ኛ ጉባኤ ስለ ሕክምና ውሳኔ አሳልፏል። መታከም በመሠረቱ የተፈቀደና የተወደደ ነው፤ መተዉ ነፍስን ወይም አካልን የሚያጠፋ ከሆነ ግን ግዴታ ይሆናል የሚል ነው። ያልታከመ የጡት ካንሰር ከየትኛው ወገን እንደሚመደብ ለመፍረድ ሙፍቲ መሆን አያስፈልግም።

ዑመር (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲሄዱ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ሲመለሱ «ከአላህ ቀደር ልትሸሽ ነው?» ተብለው ነበር። መልሳቸውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር ነው የሚኬደው። እብጠቱ ቀደር ነው። ሐኪሙም፣ መድኃኒቱም፣ ጥቁር አንበሳ የሚያደርሰው ባቡርም ቀደር ነው።

«ቢላ ከነካው ይበተናል»

ይህን ያልሰማ ቤት የለም። «እገሊት ቀዶ ጥገና ባትደረግ ኖሮ ትኖር ነበር» ይባላል። እስቲ እንመርምረው። በሀገራችን ብዙዎቹ የጡት ካንሰር ታማሚዎች ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት በሽታው ደረጃ 3 ወይም 4 ከደረሰ በኋላ ነው። ያኔ ካንሰሩ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ወደ ብብት፣ ደረጃ 4 ከሆነም እንደ ሳንባና አጥንት ወዳሉ ቦታዎች ሄዷል። ቀዶ ጥገና ተደርጎ ከወራት በኋላ ሲሞቱ ሰው የሚያየው ቢላውን ነው፤ ከዚያ በፊት የባከነውን ዓመት አያየውም።

ይህ የዛሬ ሐኪሞች ወሬ ብቻ እንዳይመስለን። ከሺህ ዓመት በፊት የኖሩት የአንዳሉስ ሙስሊም ሐኪም አቡልቃሲም አዝ-ዘህራዊ በታላቁ የሕክምና መጽሐፋቸው ስለ ካንሰር ጽፈዋል። ትንሽና ጅማሮ ላይ ያለ እንደሆነ፣ እንደ ጡት ባለ ሙሉ በሙሉ ሊወጣ በሚችል ቦታ ሲሆን ቆርጦ ማውጣት እንደሚቻል፤ ከቆየና ከተለቀ ግን እንዳይነካ መክረዋል፤ እሳቸውም ሌላም ሰው እንዲህ ያለውን ሲያድን እንዳላዩ በሐቅ ተናግረዋል። ያኔ ኬሞ የለም፣ ጨረር የለም። ዛሬ ግን ለቆየውም ሕክምና አለ። ያልተለወጠው አንድ ነገር ነው፤ ቀድሞ የመጣ የተሻለ ዕድል አለው።

«ይሄ የአሮጊት በሽታ ነው» የሚልም አለ። በኢትዮጵያ ብዙዎቹ ታማሚዎች በ30ዎቹና በ40ዎቹ ዕድሜ ያሉ ሴቶች ናቸው። በሀገራችን ሴቶችን ከሚይዙ ካንሰሮች ቀዳሚው የጡት ካንሰር ነው፤ በዓመት ከ15 ሺህ በላይ አዳዲስ ታማሚዎች እንደሚኖሩ በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ተቋም ይገምታል። ወንድ ነኝ ብለህ አትዝናና፤ ከመቶ አንድ ገደማ ወንድ ላይም ይወጣል።

«ወንድ ሐኪም እንዴት ያየኛል?»

የእህቶቻችን ሐያእ ክብር ነው፤ አንቀልድበትም። ግን ፊቅሁ መንገዱን አስቀምጧል። ሴት ሐኪም ከተገኘች እሷ ትቅደም። ካልተገኘች ወንድ ሐኪም በሚያስፈልገው ልክ ብቻ ያያል፤ መሕረም ወይም ሌላ ሴት አብራ ትሆናለች። ዶሩራ ክልክሉን ያነሳል፤ ይህን የመድረሳ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። «ሴት ሐኪም እስክትገኝ» ተብሎ ወር ማለፍ ግን ከሐያእ አይቆጠርም። ባልም በዚህ ሰበብ ሚስቱን ቤት ካስቀመጠ ቅናቱ አማናውን አስበልቶታል።

ውጤቱ የወጣ ዕለት፦ ለእህታችን

እህቴ፣ ያ ወረቀት እጅሽ ላይ ከሆነ ከዚህ በታች ያለው ላንቺ ነው።

አልቅሺ። ማልቀስ የኢማን ጉድለት አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት አልቅሰዋል። ነቢዩላህ ያዕቁብ ሰብራቸው ያማረ ነበር፤ ዓይናቸው ግን ከሐዘን ነጥቷል። ሰብር ማለት አለማዘን ሳይሆን ከሐዘኑ ጋር የሚገባውን ማድረግ ነው። «በምን ኃጢአቴ ነው?» እያልሽ ራስሽን አትግረፊ። ነቢዩላህ አዩብ ታመዋል፤ በሽታ የመናቅ ምልክት ቢሆን ኖሮ ነቢያት አይታመሙም ነበር።

ከዚያ ዝግጅት ጀምሪ። ከእህታችን ጋር አብረን ስንሄድ የተማርነው ይህ ነው፦

1. አንድ የፕላስቲክ ፋይል ያዢ። የአልትራሳውንድና የማሞግራፊ ውጤት፣ የናሙና ወይም የፓቶሎጂ ወረቀት፣ የደም ምርመራ፣ ሁሉም እዚያ ይግባ። ወረቀት ጠፋ ማለት ምርመራ መድገም ነው፤ መድገም ደግሞ ገንዘብም ጊዜም ነው።

2. ብቻሽን አትሂጂ። የደነገጠ ሰው ሐኪሙ ከተናገረው ግማሹን አይሰማም። አንድ ሰው አብሮሽ ገብቶ ይጻፍ።

3. ሦስት ነገር ጠይቂ፤ ደረጃው ስንት ነው? ዕጢው በሆርሞን የሚያድግ መሆኑ ተመርምሯል ወይ? የሕክምናው ቅደም ተከተል ምንድን ነው? ለአንዷ ቀዶ ጥገናው ይቀድማል፤ ለሌላዋ ዕጢው እንዲቀንስ መጀመሪያ ኬሞ ይሰጣል። «ኬሞ አስቀደሙልኝ፤ ተስፋ ቆርጠውብኝ ነው» ብለሽ አትሸበሪ፤ የተለመደ አሠራር ነው። የሆርሞን ዓይነት ከሆነ ደግሞ ከዚያ በኋላ ለአምስት ዓመትና ከዚያ በላይ በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን ሊታዘዝ ይችላል፤ ተሻለኝ ብሎ ማቋረጥ የለም።

4. ስለ ኬሞ ቀድመሽ እወቂ። ብዙ ጊዜ በየ21 ቀኑ ይሰጣል፤ ከእያንዳንዱ ዙር በፊት ደም ይታያል። ፀጉር ሊረግፍ ይችላል፤ ሲያልቅ ይመለሳል። ማቅለሽለሽና ድካም ይኖራል፤ ለማቅለሽለሹ መድኃኒት አለ፣ ጠይቂ። ቤትሽ ቴርሞሜትር ይኑር፤ ሙቀትሽ 38 ከደረሰ በሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም ቤት ነው እንጂ ፓራሲታሞል ውጦ መተኛት አይሆንም። ኬሞ የሰውነትን መከላከያ ስለሚያወርድ ቀላል የሚመስል ትኩሳት ሊገድል ይችላል።

5. የምትወስጂውን ሁሉ ለሐኪምሽ ንገሪ፤ ጥቁር አዝሙዱንም፣ የሰፈር ቅጠሉንም። ከኬሞው ጋር የሚጋጭ ካለ የሚያውቀው እሱ ነው። እርጉዝ ከሆንሽ፣ የምታጠቢ ከሆነ ወይም ወደፊት ልጅ የምታስቢ ከሆነ ኬሞው ሳይጀመር ተናገሪ።

6. ዲንሽ ላይ አትጨነቂ። ቆመሽ ካልቻልሽ ተቀምጠሽ፣ ካልቻልሽ ተኝተሽ ትሰግጃለሽ። ቁስሉን ውሃ ማስነካት ከተከለከልሽ የማስሕና የተየሙም በር ክፍት ነው። ረመዳን ሕክምና ላይ ካገኘሽ አላህ ለታማሚ የሰጠውን ሩኽሳ ተቀበዪ፤ ስትድኚ ቀዷ ታወጫለሽ፣ የማትችዪ ከሆነ ፊድያ አለ። ኬሞን ለጾም ብሎ ማዘለል አላህ ያላዘዘው ሸክም ነው።

7. ወሲያ ጻፊ። ይህ የሞት ምልክት አይደለም፤ በጤነኛውም ላይ ያለ ሱና ነው። ዕዳሽ፣ አማናሽ፣ የልጆችሽ ነገር በወረቀት ሲሰፍር ልብ ይቀላል።

ለባል

ወንድሜ፣ ሚስትህ ጡቷ ሊወጣ ነው ሲባል መጀመሪያ የምታየው ሐኪሙን አይደለም፤ አንተን ነው። ፊትህን ታነባለች። በዚያች ቅጽበት የምትናገረው ቃል ኬሞው ካለቀ በኋላም ይቆያል።

ዑርዋ ኢብኑ ዙበይር ከታቢዒን ታላላቅ ዑለማዎች አንዱ ናቸው። እግራቸው በሚበላ በሽታ ተይዞ ተቆርጧል። ከዚያ በኋላ ዑርዋ ጎደሉ ያለ አለ? ዐርፈጃ የተባሉት ሶሐባ ደግሞ በጦርነት አፍንጫቸው ተቆርጦ የወርቅ አፍንጫ እንዲያሠሩ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፈቅደውላቸዋል። ወርቅ ለወንድ ሐራም ሆኖ ሳለ! የተጎዳን አካል መተካት የአላህን ፍጥረት መለወጥ አለመሆኑን ዑለማዎች ከዚህ ተረድተዋል። ስለዚህ ሚስትህ በልብሷ ሥር ሰው ሠራሽ ጡት ብታደርግ «ሐራም ነው» እያልክ ሁለተኛ ቁስል አትጨምርባት።

በሕመሟ ሰዓት ሁለተኛ ሚስት የምታማርጠው አንተ ደግሞ፣ ሸሪዓ የፈቀደልህን ስትቆጥር ያዘዘህንም ቁጠር። ማስታመም፣ ወጪዋን መቻል፣ በመልካም መኗኗር ከፈቃዱ በፊት የመጡ ግዴታዎች ናቸው።

ለጀማዓውና ለወጣቱ

ከአያት ወይም ከጎሮ ተነስቶ ጥቁር አንበሳ መድረስ ለጤነኛም ይከብዳል። ከአያት በቀላል ባቡር እስከ ሜክሲኮ፣ ከዚያ ታክሲ ወይም በእግር። ኬሞ ወስዳ የምታቅለሸልሽ ሴት በዚያ ግፊያ ቆማ ትመለሳለች። ጥቁር አንበሳ ለረጅም ዓመታት ለመላ ኢትዮጵያ ብቸኛው የጨረር ሕክምና ቦታ ነበር፤ ዛሬ ጅማና ሐረማያን የመሰሉ ማዕከላት ቢጨመሩም ወረፋው ቀላል አይደለም። እኛ ቤት ውስጥ ያባከንናት እያንዳንዷ ወር የምትደመረው በዚህ ወረፋ ላይ ነው።

ጁሙዓ ከሰላት በኋላ ለምንጣፍ፣ ለድምፅ ማጉያ፣ ለሚናራ እንሰበስባለን። መልካም ነው። ግን ከቦሌ ሚካኤል እስከ ሰሚት ባሉ መስጂዶቻችን ለአንዲት እህት ሁለት ዙር መድኃኒት የተሰበሰበበትን ቀን ስንቶቻችን እናስታውሳለን? የዘካ ድርሻ ካላቸው ስምንት ወገኖች ድሆችና ባለዕዳዎች ይገኙበታል። ለሕክምና ቤቷን ሸጣ የተበደረች እህት ከሁለቱም ናት።

በኸንደቅ ዘመቻ ሰዕድ ኢብን ሙዓዝ (ረ.ዐ) ሲቆስሉ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያሳረፏቸው መስጂድ ውስጥ በተተከለ ድንኳን ነው። ቁስለኛ የምታክመዋ ሩፈይዳ የምትባል ሴት ነበረች። የነቢዩ መስጂድ ለታማሚ ቦታ ነበረው። የኛዎቹ ለታማሚ ያላቸው ከኹጥባ መጨረሻ የምትመጣ አንዲት ዱዓ ብቻ ከሆነች እንፈር።

ስለዚህ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ፦

መኪና ያለህ፣ በ21 ቀን አንድ ጠዋት ስጥ። ከሰሚት ጥቁር አንበሳ አድርሰህ መልስ፤ ይኸው ነው።

ደም መስጠት የምትችል፣ ለቀዶ ጥገና ሲጠየቅ ስምህ ቀድሞ የተመዘገበ ይሁን።

እህቶች፣ በኬሞው ሳምንት ልጆቿን ያዙላት፣ ወጥ ሠርታችሁ አድርሱ። ሳል ወይም ጉንፋን የያዘው ግን ለዚያራ አይሂድ፤ በስልክ ይጠይቅ።

ስትጠይቋት «እገሊትም በዚህ በሽታ ሞተች» አትበሉ። ዝም ብላችሁ አጠገቧ ተቀመጡ።

ኢማሞችና ኡስታዞች፣ እብጠት ይዛ የምትመጣ ሴት ስትጠይቃችሁ ቀሩላት፣ ዱዓ አድርጉላት፣ ከዚያ በዚያው ሳምንት ሐኪም ቤት እንድትሄድ እዘዙ። ሄደች ወይ ብላችሁም መልሳችሁ ጠይቁ።

ወጣቶች፣ ይህን ጽሑፍ ለእናታችሁ ማንበብ ካፈራችሁ ለእህታችሁ ስጡት፤ እሷ ታንብብላት። አዲስ እብጠት፣ የጡት ቆዳ መሰርጎድ፣ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት፣ ከጫፉ ደም መፍሰስ ካለ አርባ ቀን የለም፤ ረመዳን ይውጣ የለም፤ ሠርጉ ይለፍ የለም።

እኛ አንድ ጊዜ ተሳስተናል። ያቺን እህት ይቅርታ ጠይቀናታል፤ እሷም «አውፍ ብያለሁ» ብላናለች። አላህ ዘንድ ያለው ሒሳብ ግን አላለቀም። ይህን የጻፍነው ሌላ ሰው ያንኑ አምስት ወር እንዳይደግም ነው።

አላህ ሆይ! ለታመሙ እህቶቻችን የተሟላ ሺፋእ ስጣቸው። ባሎቻቸውን አዛኝ፣ ሐኪሞቻቸውን የተሳካላቸው፣ ጀማዓቸውን ነቂ አድርግላቸው። እኛንም ባለማወቅ ከምንጎዳው ጠብቀን። አሚን።

ወሏሁ አዕለም። ለሌሎች ማድረስን አትርሱ።